ለዘመድ አይሸጥም

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቦርሳ የግራ ማንጠልጠያ ሰፍቻለሁ። የቀኙን የምትሰፋው ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ሴት ናት፤ ኪሱ የሌላ ሰው ነው፤ ዚፑ ደግሞ የሌላ ክፍል። ሰው ምን ትሠሪያለሽ ሲለኝ ቦርሳ እሠራለሁ እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር አንድም ቦርሳ ሠርቼ አላውቅም። መንገድ ላይ የፋብሪካችንን ቦርሳ የያዘች ሴት ካየሁ ዓይኔ ቀጥ ብሎ ወደ ግራ ማንጠልጠያው ይሄዳል። ስፌቱ ጠበቅ ካለ ደስ ይለኛል፤ ከላላ ደግሞ ያን ቀን ማን አናድዶኝ እንደነበር ለማስታወስ እሞክራለሁ።

ባሌ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው። ወገቡን ያመዋል። ወገቡን የማያመው ሾፌር ካለ ገና ትናንት ሥራ የጀመረ ነው። የእኔው ከሶፋ ሲነሳ በሦስት ዙር ነበር የሚነሳው፦ መጀመሪያ ያቃስታል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ ከዚያ ይነሳል። የሚያየኝ እንዳዝንለት ነው። እኔ ደግሞ ሰው እንዳዝንለት ሲጠብቀኝ ማዘኑ ጭራሽ አይመጣልኝም። ስለዚህ አንድ እሑድ ጠጠር ያለ ስፖንጅ ገዝቼ የወገብ ትራስ ሰፋሁለት። ከታች ወፈር፣ ከላይ ሳሳ ያለ፣ መሐሉ ላይ አከርካሪው የሚያርፍበት ቦይ የተቆረጠለት።

በሳምንቱ ባሌ በአንድ ዙር መነሳት ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ትራሱን ሌላ ሾፌር ሰረቀው። እሱ በንዴት ጨሰ፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኔ ብቻዬን የሠራሁትን ነገር የማላውቀው ሰው ፈልጎት ወሰደ። ለባሌ ሌላ ሰፋሁለት።

«በኢንተርኔት እሸጠዋለሁ» አልኩት።

«መስረቅና መግዛት ለየቅል ነው» አለኝ። «ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ።»

ምክር ስሰማ እልኬ ይነሳል። በማግስቱ የፋብሪካውን የክፍል ኃላፊ ያለ ደመወዝ የሦስት ወር ፈቃድ ጠየቅኋት። ደግ ሴት ናት፣ ግን ፊቷ ስለ ደግነቷ ምንም አይናገርም። «ሦስት ወር ማሽንሽን አስጠብቅልሻለሁ» አለችኝ። «ሦስት ወር ሞልቶ ሰኞ ጠዋት ቦታሽ ላይ ካልተገኘሽ ሌላ ሰው አስቀምጥበታለሁ። ከዚያ በኋላ እንዳታለቅሺብኝ።» እሺ አልኩ። በዚያው ሳምንት ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ማንም ሳይጠይቀኝ ተነስቼ፣ ወደ ፋብሪካ እንደማልመለስና የራሴን ሥራ እንደጀመርኩ ተናገርኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሁሉም አጨበጨበ፤ ታላቋ አክስቴ ብቻ አላጨበጨቡም። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አተኩረው አዩኝ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እናቴም እሳቸው ናቸው። ማን ከማን እንደሚታረቅ፣ የታመመ ዘመድ ማን ቀድሞ እንደሚጠይቅ፣ የትኛው ልጅ ምን እንደሚማር የሚወስኑት እሳቸው ስለሆኑ፣ በሌሉበት ሊቀመንበራችን እንላቸዋለን። በፊታቸው ግን እትዬ ናቸው።

ኢንተርኔት ላይ የመሸጫ ገጼን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ፎቶ ያነሳሁት አልጋዬ ላይ ነበር፤ ትራሱ መሐል፣ ብርሃኑ ከመስኮት። ጥሩ ፎቶ ነው ብዬ ለቀቅሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያው አስተያየት መጣ፦ «ካልሲው ስንት ነው?» ሄጄ ሳየው የባሌ ካልሲ ከትራሱ ጥግ ብቅ ብሏል። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ካልሲውን ጠየቁ። ትራሱን የጠየቀ አልነበረም።

ሁለት ሳምንት እንደዚያው አለፈ። ስልኬን በየደቂቃው እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ፤ ምናልባት ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ይሆናል ብዬ ወደ ደጅ ወጥቼ ከፍ አድርጌ እይዘዋለሁ። ምግብ አልበላ አለኝ። ልጄ ሳል ይዟት ነበር፤ እሷ ስታስል እንኳ መልእክት የገባ እየመሰለኝ ስልኬን አነሳለሁ። ሊቀመንበራችን አንድ ቀን ከሰዓት ብቅ አሉ። ሻይ ጠጡ፣ የተቆለሉትን ትራሶች አዩ፣ እኔን አዩኝ፤ አንድም ምክር ሳይሰጡ ሄዱ። አክስቴ ሳይመክሩ ከሄዱ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ማወቅ ነበረብኝ።

እሳቸው በሄዱ በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው ትእዛዝ መጣ። ያዘዘችው «የበረሃ አበባ» የምትባል ሴት ናት። ገጽ ላይ ሰው በእውነተኛ ስሙ እንደማይጠራ ሰምቼ ስለነበር አልገረመኝም። ቢጫ ትራስ ነበር የፈለገችው። መጀመሪያ ጨርቅ ስገዛ አንድ ጥቅል ቢጫ በርካሽ አግኝቼ ከጥቁሩ ጋር ይዤ መጥቼ ነበር። በማግስቱ «ጸጥተኛው ወንዝ» አዘዘ፤ ቢጫ። ከዚያ «የልብ ንጉሥ»፤ ቢጫ። ከዚያ «ደማቋ ጨረቃ»፤ እሷም ቢጫ። በሳምንት አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት።

አስተያየታቸውን ብታዩ። «እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ።» «ወላድ በድባብ ትሂድ፣ እንዲህ ያለች ልጅ የወለደች እናት ነፍሷን ይማር።» የልብ ንጉሥ ደግሞ «ሥራ ብለሽ ምግብ እንዳትረሺ፣ የልጅሽ ሳል ተሻላት?» ብሎ ጻፈ። ተሻላት፣ ስለጠየቁን እናመሰግናለን ብዬ መለስኩ። አንድ የማላውቀው ገዢ የልጄን ሳል ከየት እንዳወቀ አልጠየቅሁም። እናቴ ማረፏን ማን እንደነገራቸውም አልጠየቅሁም። የደንበኛ ፍቅር የሚሉት ይሄ ነው አልኩ። ሰው ሲመሰገን አይመረምርም፤ እኔ ደግሞ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተመሰገንኩት አንዴ ነው፣ እሱም ከሥራ ቀርቼ ስለማላውቅ።

ዕቃውን የሚያደርሰው ሽበት ያለው፣ ሰውነቱ ደልደል ያለ ሞተረኛ ነበር። የገዢዎቹን ስልክ ይዞ የሚደውለውና ቤታቸው የሚደርሰው እሱ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይጭን ነበር። ሰንበት ሲል «ዛሬም ቢጫ ነው?» ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ሞተሩን አስነስቶ እንደገና አጠፋው።

«እህቴ፣ ቤተሰብሽ ሰፊ ነው?» አለኝ።

«በጣም» አልኩት።

«እሱን ነው ያልኩት» ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። እኔ ሥራ ሲበዛበት ጭንቅላቱ የዞረ መስሎኝ አዘንኩለት።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ሊቅ ሆኜ ነበር። ለባሌ ራት እያቀረብኩ ስለ ገበያ አስተምረዋለሁ። ገበያው ቢጫ ይፈልጋል አልኩት። የቀረንን ቁጠባ አውጥቼ አምስት ጥቅል ቢጫ ጨርቅ ገዛሁና ጥቁሩን ለሻጩ መለስኩለት። ጥቅሎቹ ቤት ሲገቡ ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ሾፌር ቢጫ ላይ አይደገፍም» አለኝ። «በሁለት ቀን ይቆሽሻል።»

«አንተ ሾፌር ነህ እንጂ ገበያ አይደለህም» አልኩት።

አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ያን ጊዜ ያሸነፍኩት መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የፈረጠው ሰኞዋ ልትደርስ አስራ አምስት ቀን ሲቀራት ነው። አክስቴን ጉልበታቸውን አመማቸው ተባለና ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልጋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ብርድ ብርድ አላቸው። ብርድ ልብስ ላምጣ ብዬ ተነሳሁ።

«ከቁምሳጥኑ አይደለም» አሉኝ። «ወንበሩ ላይ ያለውን አምጪ።»

ወንበሩ ላይ ያለው ስስ ነው። እኔ ደግሞ አዛኝ ስለሆንኩ ቁምሳጥኑን ከፈትኩት። አንድ ጥቅል እግሬ ላይ ወደቀ። ሌላው ተከተለው። ቁምሳጥኑ ከታች እስከ ላይ በእኔ ትራሶች ተሞልቷል፤ ሃያ ሁለት ናቸው፣ ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም ከነማሸጊያቸው። በየላያቸው በእኔው እጅ ጽሑፍ የደንበኞቼ ስም አለ፤ የተከፈተ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አክስቴ ጉልበት ስር ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ትራስ ነው።»

«ትራስ መሆኑንማ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

«እጅሽ ይባረክ» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። «የበረሃ አበባ እርስዎ ነዎት?»

አክስቴ የራስ መሸፈኛቸውን አስተካከሉ። «ስሙን እኔ አልመረጥኩትም። ተከራይዋ ናት ያወጣችልኝ። ስልኩም የእሷ ነው።»

«የልብ ንጉሥስ?»

«አጎትሽ።»

አጎቴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በሕይወታቸው ለሰው ደግ ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ሰላምታቸው ራሱ ቁጣ ነው።

«ጸጥተኛው ወንዝስ?»

«ሚስቱ።»

እሷ ስታወራ ሰፈር ሁሉ መስኮቱን ይዘጋል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አክስቴ ቀስ ብለው ሁሉንም ነገሩኝ። እኔ ጋ ሻይ ጠጥተው በሄዱ ማግስት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ተራ ወጥቶለታል። በዚህ ሳምንት አጎቴ፣ በሚቀጥለው የአጎቴ ልጆች፣ ከዚያ የአባቴ ወገን። እንዳልጠረጥር ሁሉም የሰው ስልክ ይጠቀማል። ቤታቸው ጠባብ የሆነባቸው የተላከላቸውን አክስቴ ጋ ያስቀምጣሉ። ከመካከላቸው መኪና ያለው አንድም ሰው የለም።

«ቢጫውስ? ለምን ሁሉም ቢጫ?»

«ቢጫውን የሚገዛሽ አይኖርም ብዬ አዝኜ ነዋ። መጀመሪያ ቢጫውን አንሱላት አልኳቸው።»

አምስት ጥቅል ቢጫ ጨርቅ ቤቴ ተቀምጧል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ግን አለቀስኩ።

«ለምን አልነገሩኝም እትዬ? አይሸጥልሽም፣ ተይው አይሉኝም?»

«ምን ብዬ?» አሉ። «ያን ቀን ስመጣ ሻይ አቀረብሽልኝና ስኳር ረሳሽ። አንቺ ስኳር የምትረሺ ልጅ አይደለሽም። ስልክሽን ታቅፈሽ በዓይንሽ በሩን በሩን ታያለሽ። እናትሽ ብትኖር ብቻዋን ሁሉንም ትገዛልሽ ነበር። እሷ ስለሌለች ተካፈልነው።»

ምን ይባላል? ተናደድኩ፤ አፈርኩ፤ ደግሞም ከልቤ ወደድኳቸው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ጉልበታቸውን ሳምኩና በሩን ግን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር። ሞተረኛው ሳይቀር ያወቀውን እኔ ሁለት ወር ሙሉ አላወቅሁም።

ቤት ስደርስ ባሌ ሶፋው ላይ ነበር። ፊቴን ሲያይ በአንድ ዙር ተነሳ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

ወለሉን አየ። «ደማቋ ጨረቃ እኔ ነኝ» አለ።

ደማቋ ጨረቃ ልዩ ደንበኛዬ ነበረች። «ትራስሽ ላይ ስደገፍ አንቺን አስባለሁ» ብላ የጻፈችልኝን ለባሌ ራሱ ሁለት ጊዜ አንብቤለታለሁ።

«ሁለት ብቻ ነው የገዛሁት» አለኝ። «ሦስተኛው አጎትሽ በኔ ስም ያዘዙት ነው።»

ያን ቀን ከባሌ ጋር አልተነጋገርኩም። በማግስቱ ጠዋት ገጼን ከፍቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ማሳሰቢያ። ከዛሬ ጀምሮ ለዘመድ አይሸጥም። የበረሃ አበባ፣ የልብ ንጉሥ፣ ጸጥተኛው ወንዝና ደማቋ ጨረቃ ታግዳችኋል። እጄን የሚባርክ ወይም ስለ ልጄ ሳል የሚጠይቅ ሰው ትእዛዙ አይስተናገድም።»

አጎቴ ደውለው፣ በሕይወታቸው ከየትም ታግደው እንደማያውቁ ነገሩኝ። አክስቴ ቀለል አድርገው ወሰዱት።

«ታግጃለሁ አሉ?»

«አዎ እትዬ።»

«ምርቃቱስ ታግዷል?»

«ምርቃቱን በስልክ ይንገሩኝ።»

ትራሶቹን መለሱልኝ፤ ጉልበታቸው ስር ያለውን ግን ተሽሎኛል ብለው እምቢ አሉ። የተቀሩትን ፈትቼ ስፖንጁን ለየሁት። ከዚያ በኋላ ገጹ ጭጭ አለ። ማሳሰቢያውን አይተው የሳቁ ነበሩ፤ አንዱ «ዘመዶችሽ ካልገዙሽ እኛን ምን አግብቶን?» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው አልኩ። በስምንት ቀን ውስጥ አንድም ትእዛዝ አልመጣም። የፋብሪካ ሽርጤን ከሳጥን አውጥቼ አጠብኩት፤ ተኩሼም ሰቀልኩት። የግራ ማንጠልጠያ ሥራ ውርደት አይደለም እያልኩ ለራሴ እነግራለሁ፤ ግን በሽርጡ አጠገብ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ሙሉ ነገር ሠርቼ አንድ ሰው እንዲፈልገው ነበር የፈለግሁት፤ ያን ያህል ብዙ ነገር አልመሰለኝም ነበር።

በዘጠነኛው ቀን መልእክት ገባ። ስም የለውም፤ በስም ፋንታ የከባድ መኪና ጎማ ፎቶ ነው። ሰላምታም የለውም። «ትራስ። ጥቁር። ስንት ነው። ይቀነስ» ይላል።

ልቤ ዘለለ፤ ግን አንዴ ተታልያለሁ። «ይቅርታ፣ የማን ወገን ነዎት?» ብዬ ጻፍኩ።

«ምን?»

«ከእኔ ጋር ዝምድና አለዎት ወይ? ከትልቅ አክስቴ ጋር ይተዋወቃሉ?»

«ሴትዮ፣ ትራስ ነው የምትሸጪው ወይስ የዘር ሐረግ?»

ዘመዴ እንዲህ አይናገረኝም። ጥቁር ጨርቅ ስላልነበረኝ ይቅርታ ጠይቄ ቢጫ ላክሁለት፤ ደስ ሳይለው ተቀበለ። በማግስቱ ገጼ ላይ በአንድ ኮከብ አስተያየቱን አሰፈረ፦

«ይንሸራተታል። መጀመሪያ ፍሬን ስይዝ ከወገቤ ወርዶ መቀመጫዬ ስር ገባ። ማሰሪያ የለውም። ቢጫው በአንድ ቀን ቡኒ ሆነ። ቦዩ ለአጭር ሰው የተቆረጠ ነው። ይህን የሠራ ሰው ከባድ መኪና ውስጥ ገብቶ አያውቅም።»

ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአራተኛው ድምፄን ከፍ አድርጌ ለባሌ አነበብኩለት። በሦስት ወር ውስጥ ስለ ትራሴ እውነት የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

«ያንተም ይንሸራተታል?» አልኩት ባሌን።

«ትንሽ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

ጭንቅላቱን አከከ። «በየፌርማታው አስተካክለዋለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ።»

የተማርኩት ይህን ነው፤ ሌላውን ሁሉ ሳልማር ብቀርም አይቆጨኝም። የሚወዱሽ ሰዎች ትራሱን ሳይሆን አንቺን ነው የሚገዙት። የሚንሸራተት ትራስ እያቀፉ እጅሽ ይባረክ ይሉሻል፤ ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ያ ባለጎማ ሰውዬ ግን ስለ እኔ ደንታ ስለሌለው ያየው ትራሱን ብቻ ነው።

ለሰውዬው መኪናው የት እንደሚቆም ጠየቅሁት። ዓርብ ከቀትር በፊት ጥቁር ጨርቅ፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ ቦርሳ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የምንለጥፈውን ሻካራ ጨርቅ፣ መርፌና መቀስ ይዤ ወደ ከባድ መኪናዎች ማቆሚያ ሄድኩ። ሰውዬው ግዙፍ ነው፤ አምሳ አምስት ይሆነዋል፤ ጎማ እየመታ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ባለ ትራሷ ነኝ» አልኩት።

ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «ገንዘብ ልትመልሺ ነው?»

«አይደለም። መቀመጫዎን ልለካ ነው።»

እንደ እብድ ቢያየኝም በሩን ከፈተልኝ። ወደ ጋቢናው መውጣት ራሱ ተራራ መውጣት ነው። ገብቼ ሳይ ትራሱን በገመድ ጠፍሮ ከመቀመጫው ጋር አስሮታል። ይህን ያህል ተሳድቦ አልጣለውም።

መቀመጫው ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ነው፤ ሁሉም ነገር ሌላ ነው። የከባድ መኪና መቀመጫ ከአውቶብሱ ይሰፋል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ሰውየው ወደ ፊት ይሳባል፤ ያኔ ትራሱ ወደ ታች ይወርዳል። የእኔ ትራስ የተለካው ለባሌ ነው፤ ባሌ ደግሞ ጀርባው አጭር የሆነ ሰው ነው። ሰውዬውን አስቀምጬ ጀርባውን ለካሁት። ቦዩን ረዘም አድርጌ እንደገና ቆረጥኩ፤ ከኋላ ሻካራውን ጨርቅ አደረግሁበት፤ የሚወልቅ የሚታጠብ ጥቁር ልብስ በዚፕ አለበስኩት። የጋቢናው ደረጃ ላይ ተቀምጬ በእጅ ነው የሰፋሁት። ሰውዬው መጥቶ ያየኛል፣ «እየመሸብኝ ነው» ይላል፣ ይሄዳል፤ ገና ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ነበር።

የግራውን ማሰሪያ ስሰፋ እጄ ራሱ ሄደ፤ ቀጥ ያለ፣ ጠበቅ ያለ ስፌት። የቀኙ ግን ጠመመብኝ። ፈትቼ ደገምኩት፤ አሁንም ጠመመ። ሰውዬው ትራሱን ነጥቆኝ አሰረው፣ ተደገፈ፣ ሞተሩን አስነስቶ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረበት። መጀመሪያ ፍሬን ያዘ፤ ከዚያ ሆን ብሎ አንድ ሌላ ኃይለኛ ፍሬን ያዘ። ትራሱ ንቅንቅ አላለም። መኪናውን አምጥቶ አጠገቤ አቆመና ሳይወርድ በሩን ከፈተው። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ማመስገን የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ነው።

«የቀኙ ማሰሪያ ጠማማ ነው» አልኩት። «ይስጡኝና ቤት ወስጄ በማሽን ላስተካክለው። ሰኞ አመጣልዎታለሁ።»

«ነገ ጎህ ሲቀድ የሦስት ቀን መንገድ አለብኝ» አለኝ። «ያለ እሱ ምን ተደግፌ ልነዳ?»

«እስከ ዛሬ የተደገፉትን።»

«እስከ ዛሬማ ስታመም ነው የኖርኩት።»

«ግን ጠማማ ነው ጋሼ፤ እኔ እንዲህ ያለ ሥራ አላስረክብም።»

እጄን ከበሩ ላይ አነሳው፤ በቁጣ አይደለም፣ ሰው የራሱን ዕቃ ሲወስዱበት እንደሚያደርገው ነው። «እኔም ጠማማ ነኝ» አለ። «እህቴ፣ በሩን ዝጊልኝ።» ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ገጼ ላይ ኮከቡን ሦስት አድርጎታል፤ «ማሰሪያው ጠማማ ነው» ብሎ ጨምሮበታል።

ማቆሚያው አጥር ጥግ፣ በጭስና በናፍጣ ሽታ መሐል ቆሜ ለክፍል ኃላፊዋ ደወልኩላት። ሰኞ እንደማልመጣ ነገርኳት። ከኋላዋ የማሽኖቹ ድምፅ ይሰማኛል፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጡ የኖርኩበት ድምፅ ነው።

«ቦታሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«በስሜት እንዳትወስኚ። የባልሽ ደመወዝ ብቻውን ስንት ቀን ያቆያችኋል? እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ በሦስት ወር ውስጥ ስንት ደንበኛ አገኘሽ?»

ፈትቼ የለየኋቸውን ሃያ ሁለት ትራሶች፣ ባሌ አውቶብሱ የኋላ ወንበር ስር የደበቃቸውን፣ የአጎቴን፣ የሚስታቸውን አሰብኩ። ሁሉንም ቀነስኩ።

«አንድ» አልኳት።

«ለአንድ ደንበኛ ብለሽ ነው የምትቀሪው?»

«አዎ» አልኳት። «ዘመዴ አይደለም እኮ።»